የጀልባን ቤንዚን ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፦ ከልኬት እስከ ሐይቅ ላይ ሙከራ

ደሴ ቧንቧ ውሃ ባለችው ትንሽ ወርክሾፔ ሞተር መጠምጠምና ባትሪ ማደስ ነበር ሥራዬ። የሐይቅ ጀልባዎችን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሳምንት አያልፍም፣ አንድ ሰው ይደውላል። ከሐይቅ ከተማ ይደውላሉ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ አንዳንዴም ከባቱ። ጥያቄው ግን ሁሌም ያው ነው፦ «ወንድሜ፣ ጀልባዬ ላይ ያለው 15 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ስንት ኪሎ ዋት ልግዛ?»

15 የፈረስ ጉልበት ወደ ኪሎ ዋት ሲመነዘር 11 ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ገበያ ትወጣላችሁ፤ የሞተሩንና የባትሪውን ዋጋ ስትሰሙ ደግሞ ሐሳቡን ትተዉታላችሁ። እኔ የምጠቀምበት ጀልባ አምስት ሰው ጭኖ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚበላው 1.1 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሞተር ላይ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። የሚያስፈልጋችሁን ጉልበት የሚነግራችሁ ጀልባው ራሱ ነው፣ ያንንም በገመድና በሚዛን መለካት ይቻላል።

መመሪያው ከ5 እስከ 7 ሜትር ርዝመት ላለው፣ ውኃውን እየገፋ በዝግታ ለሚሄድ ጀልባና ከኋላ ለሚንጠለጠል ሞተር ነው። አፍንጫውን አንሥቶ ውኃ ላይ ለሚንሸራተት ፈጣን ጀልባ አይሆንም፤ ለዚያ የሚበቃው ባትሪ ጀልባውን ራሱን ያሰምጠዋል። ሸራ ያለው ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ሞተሩን የምትፈልጉት ከወደቡ ለመውጣትና ለመግባት ስለሆነ ከዚህ በታች ከማሰላው ባትሪ ግማሹ ይበቃችኋል፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብሩሽ አልባ ሞተር፣ 48 ቮልት፣ 4 ኪሎ ዋት የማያቋርጥ ጉልበት ያለው
- ለሞተሩ የሚስማማ ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጉልበት የሚቆጣጠር)፣ 150 አምፒር
- 16 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች፣ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት
- ለ16 ሴል የተሠራ የባትሪ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ቢኤምኤስ፣ 150 አምፒር
- 125 አምፒር ፊውዝ ከነማቀፊያው፤ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራና ቢያንስ 60 ቮልት የሚችል
- ዋና ማጥፊያና ትልቅ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ጥቅልል የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ)፣ ጥቅልሉ 48 ቮልት
- 100 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተርና የሚጫን ቁልፍ
- 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ባለ ብዙ ክር የመዳብ ገመድ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከነጫፍ ማሰሪያ ቀለበቶቹ
- የጉልበት መስጫ እጀታ እና ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር የድንገተኛ ማጥፊያ ገመድ
- የገባውንና የወጣውን አምፒር እየቆጠረ የቀረውን የሚያሳይ የባትሪ ቆጣሪ
- 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ
- የማይዝግ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ፣ ግራሶ፣ የማርሽ ዘይት፣ ናስትሮ
- የማግኒዥየም አኖድ (በሞተሩ እግር ፋንታ ራሱ በውኃ እየተበላ እግሩን የሚያድን ብረት)
- የተንጠልጣይ ሚዛን፣ መልቲ ሜትር፣ ዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን መወዛወዝን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፤ ይህን ከቶርኖ ቤት መዋስ ይቻላል)

ባትሪውን መጨረሻ ላይ ግዙ። መጀመሪያ ባትሪ ገዝቶ ልኬቱን ከዚያ ጋር ለማስማማት የሚሞክር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

1. ጀልባውን ለኩ

ጀልባው እንደ ሁልጊዜው ተጭኖ ሲቆም ውኃው የሚነካውን ርዝመት በሜትር ለኩ። የዚያን ቁጥር ስኩዌር ሩት በ4.5 ስታባዙት የጀልባው የተፈጥሮ ጣሪያ ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ይወጣል። 5.5 ሜትር ከሆነ 10.6 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጀልባው ራሱ ያስነሣውን ማዕበል ሽቅብ መውጣት ስለሚጀምር ጉልበት ብትጨምሩም ፍጥነት እምብዛም አይጨምርም።

ቀጥሎ የመጎተት ልኬት ነው። ሌላ ጀልባ የእናንተን ይጎትት፤ ገመዱ 15 ሜትር ያህል ይርዘም፣ ከፊተኛው ጀልባ ኋላ የሚወጣው ውኃ እንዳይገፋችሁም ትንሽ ወደ ጎን ውጡ። በገመዱ ጫፍ ላይ የተንጠልጣይ ሚዛን እሰሩ፤ በግ የሚመዘንበት ዓይነት ይበቃል። የራሳችሁ ሞተር እግር፣ ማለትም ፕሮፔለሩን ይዞ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል፣ ውኃ ውስጥ ከቆየ ልኬቱን ያዛባዋልና አንሡት። ፍጥነቱን ከስልካችሁ ጂፒኤስ እያነበባችሁ በ5፣ በ7 እና በ9 ኪሎ ሜትር ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደሚያሳይ ጻፉ። ነፋስ ስለሚኖር መንገዱን ደርሳችሁ መልሱና የሁለቱን አማካይ ያዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኪሎው ሲባዛ በፍጥነቱ፣ ሲባዛ በ6.5። የሚወጣው ከባትሪ የሚፈለገው ዋት ነው። 6.5 የሚለው ቁጥር ውስጥ የፕሮፔለሩ፣ የማርሹ፣ የሞተሩና የኮንትሮለሩ ብክነት ተደምሮ ገብቷል፤ ከባትሪው ከሚወጣው ጉልበት ጀልባውን የሚገፋው 42 በመቶ ያህሉ ነው ብዬ ነው ያሰላሁት።

የእኔ ጀልባ በ7 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ አሳየ፤ 1,140 ዋት ገደማ ማለት ነው። በ9 ኪሎ ሜትር 41 ኪሎ አሳየ፤ 2,400 ዋት። ይህን ልብ በሉ፦ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመጨመር ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከባትሪ ዋጋ ይልቅ ኪሳችሁን የሚወስነው የምትመርጡት ፍጥነት ነው። «ትንሽ ፈጠን ይበል» የሚል ደንበኛ ሲመጣብኝ ይህችን ስሌት በወረቀት አሳየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። ቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እዚህ 15 የተባለው ሞተር መጀመሪያውኑም 12 ገደማ ነበር የሚሰጣችሁ። ኤሌክትሪክ አየር አያቃጥልምና በከፍታው ምክንያት ጉልበት አይቀንስም። ግን የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ወደዚህ በ3ኛው ደረጃ እመለሳለሁ።

2. የባትሪውን መጠን አስሉ

በቀን የምትሄዱትን ርቀት ለፍጥነቱ አካፍሉ፤ ሰዓቱ ይወጣል። ሰዓቱን በዋቱ አባዙ። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር 7 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ደርሶ መልስ 14 እንበል። በ7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ሰዓት ነው፤ 2 ሲባዛ 1.14፣ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለነፋስ ግማሹን ጨምሩበት፤ 3.4 ገደማ። ባትሪው ዕድሜ እንዲኖረው ከ80 በመቶ በላይ አታውጡ፤ ስለዚህ 3.4ን ለ0.8 ስታካፍሉ 4.3 ይሆናል። 16 ሴል ባለ 100 አምፒር ሰዓት 5.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይበቃል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተሳፋሪ የምታመላልሱ ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋችኋል፣ ወይም ዳርቻው ላይ በመሀል መሙላት አለባችሁ።

«የመኪና ባትሪ አይሆንም ወይ?» ይሆናል፣ ግን ቁጥሩን እዩት። አራት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ወረቀት ላይ 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት የምትጠቀሙት 4.8 ብቻ ነው። ክብደቱ 240 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የአራት ተሳፋሪ ቦታ ሄደ ማለት ነው። የሊቲየሙ 16 ሴል ተደምሮ 35 ኪሎ አይሞላም።

ሴል ስትገዙ አንድ በአንድ ፈትኑ። ከአንድ ሻጭ 100 አምፒር ሰዓት ተብለው የተለጠፉ 16 ሴሎች ገዝቼ ሦስቱ 80 አልደረሱም። ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ ባትሪው የሚይዘው ደካማው የያዘውን ያህል ነውና፣ የከፈልኩት የ100 ሆኖ ያገኘሁት የ80 ባትሪ ነበር። ፈተናው እንዲህ ነው፦ የሞላ ሴል ላይ 20 አምፒር የሚወስድ ጭነት አድርጉ። 2.5 ቮልት እስኪደርስ 5 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። 4 ሰዓት ላይ ካለቀ መልሱት።

3. ሞተርና ኮንትሮለር ምረጡ

48 ቮልት የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። በ12 ቮልት ያንኑ ጉልበት ለማግኘት አራት እጥፍ አምፒር፣ ስለዚህም እጅግ ወፍራም ገመድ ያስፈልጋል። ከ60 ቮልት በላይ ሲወጣ ደግሞ እርጥብ እጅ ያለው ሰው ላይ አደጋው ይከብዳል።

ከጉልበቱ ይልቅ የመጠምዘዝ ኃይሉንና የዙሩን ፍጥነት እዩ። 15 ፈረስ የሆኑ ብዙ ሞተሮች እግር ውስጥ ያለው ማርሽ ዙሩን በ2 ገደማ ያካፍላል። ፕሮፔለሩ 9 ኢንች የሚገፋ ከሆነ በአንድ ዙር 23 ሴንቲ ሜትር መሄድ ነበረበት፤ ውኃው ስለሚያንሸራትተው 16 ያህል ይሄዳል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 150 ሜትር ነው፤ 150ን ለ0.16 ስታካፍሉ ፕሮፔለሩ 940 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ሞተሩ ደግሞ ከ1,900 እስከ 2,000። በዚህ ዙር የሚፈለገው የመጠምዘዝ ኃይል 11 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ለነፋስ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 15 ያለማቋረጥ የሚሰጥ ፈልጉ። 5,000 ዙር ላይ 4 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ሞተር ብትገዙ በ2,000 ዙር ላይ ጉልበቱ ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ስትጫኑት ይግላል እንጂ አይሄድም።

መለያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ካለ ትልቁ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠው ነው፤ እናንተ የማያቋርጠውን አንብቡ። የሞተር ሰሌዳ የሚናገረው ብዙ ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ መሆኑንም አትርሱ። እኛ በእጥፍ ከፍ ብለን ነው ያለነው፤ ስለዚህ 2.4 ኪሎ ዋት ለሚፈልግ ጀልባ 4 የተጻፈበትን ነው የምገጥመው። ትርፉ ለከፍታው ነው፣ ለፍጥነት አይደለም።

4. የቤንዚኑን ራስ አውርዱ

ማስጠንቀቂያ፦ ከምንም በፊት ሰልባትዮውን፣ ቱቦውንና ካርቡራተሩን ባዶ አድርጉ፤ ሞተሩንም ቢያንስ አንድ ቀን ደጅ አሳድሩት። ካርቡራተር ውስጥ የቀረ ጥቂት ቤንዚን ትነቱ ከግራይንደር ብልጭታ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ አትሥሩ።

ሽፋኑን አንሡ፤ የነዳጅ፣ የማስነሻና የጋዝ ገመዶችን ፍቱ። ራሱ፣ ማለትም ከላይ ያለው የቤንዚን ሞተር፣ ከእግሩ ጋር የተያያዘው ከሥር ወደ ላይ በሚገቡ ስድስት ወይም ስምንት ብሎኖች ነው። ለዓመታት ያልተፈታ ብሎን በኃይል ከተፈታ ይሰበራል፤ ዘይት አጠጡትና አሳድሩት፣ እምቢ ካለ ዙሪያውን አሙቁት። ራሱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ፤ ካጋደላችሁት የእግሩ ዘንግ ይታጠፋል።

በራሱና በእግሩ መሀል ያለውን ጓርኒሲዮን (ስስ ማሸጊያ) እንዳትጥሉት፤ ቢቀደድም አስቀምጡት።

ሞተሩ ገና የሚሠራ ከሆነ ራሱን ሙሉውን ሽጡት ወይም አኑሩት። ለቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገውን ክራንክ ሻፍት (የቤንዚን ሞተሩን ዋና ዘንግ) ከተጣለ ሞተር ማግኘት ይቻላል።

5. ማያያዣውንና ሰሌዳውን ሥሩ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

የአሮጌውን ክራንክ ሻፍት የታችኛውን ጫፍ ገልብጣችሁ እዩት። መሀሉ ላይ ዙሪያውን በጥርስ የተቀረጸ ጉድጓድ አለ፤ ከእግሩ የሚወጣው ዘንግ ጫፉ ተመሳሳይ ጥርስ አለውና እዚያ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ይህን ጥርስ እንደ አዲስ ማስቀረጽ ውድ ነው፣ በትክክል የሚያወጣውም ባለሙያ አይበዛም። ስለዚህ ያንን ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡትና ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ካሉት ቶርኖ ቤቶች ወደምታምኑት ይዛችሁ ሂዱ። ውጪውን ክብ አድርጎ ያስተካክልላችሁ፤ በአንድ ወገን ይህን ጫፍ፣ በሌላ ወገን የአዲሱን ሞተር ዘንግ ከነቁልፉ የሚይዝ የብረት ቤት ይሥራላችሁ። ጫፉ ወደ ቤቱ ተጠቅጥቆ ገብቶ በፒን ይታሰር። በብየዳ እንዳታስይዙት፦ የብየዳው ሙቀት የጥርሱን ጥንካሬ ይወስደዋል፣ ሲቀዘቅዝም ያጣምመዋል።

ለሰሌዳው አሁን ያ ያስቀመጣችሁት ጓርኒሲዮን ይወጣል። የራሱና የእግሩ ቀዳዳ በሙሉ እሱ ላይ አለ። አሉሚኒየሙ ላይ አንጥፋችሁ በቀጭን መርፌ ዙሪያውን ጫሩ፣ የቀዳዳዎቹን መሀል በነጥብ ምቱ፣ ከዚያ ብሱ። በሜትር ለክቶ ለመሥራት የሞከረ ሰው ሁሉ አንድ ቀዳዳ ሳይስትበት አልቀረም።

ሞተሩን ሰሌዳው ላይ ስትገጥሙ መጀመሪያ ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ማያያዣውን ሞተሩ ዘንግ ላይ አድርጉ፣ ዲያል ኢንዲኬተሩን ሰሌዳው ላይ አቁማችሁ መርፌውን ማያያዣው ላይ አሳርፉ፣ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። መርፌው ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ማያያዣው ጠማማ ነው፤ ወደ ቶርኖ ቤት ይመለስ። ቀጥሎ ኢንዲኬተሩን ማያያዣው ላይ አሥራችሁ መርፌው የእግሩ ዘንግ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከንፈር እየነካ እንዲዞር አድርጉ፤ እዚህ የሚወዛወዘውን ግን ሞተሩን በጎማ መዶሻ እየነካካችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሲስተካከል ብሎኖቹን አጥብቁ። ይህ የሚያደክም ሥራ ነው፤ የሞተሩ ኩሽኔታ ዕድሜ ግን እዚህች ላይ ነው ያለው።

የመጨረሻው ልኬት፦ ዘንጉ ማያያዣው ውስጥ ሲገባ ጫፉና የጉድጓዱ ታች መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ከተነካኩ ዘንጉ ሞተሩን ወደ ላይ እየገፋ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ጥርሱን ግራሶ ቀቡ።

6. እግሩን አዘጋጁ

የማርሹን ዘይት አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ማኅተሙን ቀይሩ። አዲስ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከሞላችሁ አየር ይታሰርበታል።

በዘንጉ ላይ የምትዞረዋን የውኃ ፓምፕ ጎማ አውጧት። አዲሱ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ጎማዋ የምትሠራው የላትም፣ ጉልበት ግን ትበላለች።

አኖዱን ቀይሩ። አሮጌ ሞተሮች ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው፤ ዚንክ ለባሕር ጨው ነው የተሠራው። ጨው በሌለበት ውኃ ላዩ ይሸፈንና መሥራት ያቆማል፤ ያኔ የሚበላው የእግሩ አሉሚኒየም ነው። በሐይቆቻችን ማግኒዥየም ነው የሚሆነው። ቀለም አትቀቡት።

7. ባትሪውን አያይዙ

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። የቁልፎቻችሁን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉ። ከሴሎቹ ላይ የወደቀ ቁልፍ ከ1,000 በላይ አምፒር ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይቀልጣል፣ ዓይንም ያጠፋል።

ሴሎቹን ከማሰለፋችሁ በፊት ሁሉንም አዎንታዊ ከአዎንታዊ፣ አሉታዊ ከአሉታዊ አያይዛችሁ በ3.65 ቮልት አንድ ላይ ሙሏቸው። ሁሉም ከአንድ ደረጃ ካልተነሡ ቢኤምኤሱ አንዱ ቀድሞ ሲሞላ መሙላቱን ያቆማል፤ ባትሪው ሁሌም ጎደሎ ይሆናል። በትንሽ ቻርጀር ቀናት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። ሲሞሉ ለያዩና በተከታታይ አያይዟቸው፤ በሁለት ሰሌዳ መካከልም ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሯቸው።

ሣጥኑ ውኃ የማያስገባ ይሁን፣ የጀልባው መሀል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ በማይፈታ ቀበቶ ይታሰር። ከኋላ ካስቀመጣችሁት አፍንጫው ይነሣል፤ በ1ኛው ደረጃ የለካችሁት ኪሎም ይጨምራል።

8. ገመድ ዘርጉ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ዋና ማጥፊያ፣ ኮንታክተር፣ ኮንትሮለር፣ ሞተር። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሴንቲ ሜትር አይራቅ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ገመድ ቢላጥ የሚያቆመው የለም።

ገመዱ ለምን 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል? ሞተሩ 4 ኪሎ ዋት ሲወስድ 85 አምፒር ገደማ ያልፋል። ደርሶ መልስ 6 ሜትር በሆነ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ 75 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ መቀመጫ ሥር በተሸሸገ ገመድ ላይ ይህ እሳት ነው። በ35 ግን 22 ዋት ብቻ ነው። የቀለበቶቹን አንገት በሃይድሮሊክ መጭመቂያ አስጨምቁ። በፒንሳ የተጨመቀ ቀለበት ከሦስት ወር በኋላ ይላላና ይግላል፤ ተቃጥለው ከመጡልኝ ጀልባዎች አብዛኛዎቹ ከዚሁ ቦታ ነው የተነሡት።

ኮንትሮለሩ ውስጥ ባዶ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች፣ አሉ። ኮንታክተሩን በቀጥታ ብትዘጉት (ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ብታደርጉት) ብልጭታው ንኪዎቹን እርስ በርስ ይበይዳቸዋል፤ ያኔ ማጥፊያው አያጠፋም። ስለዚህ ሬዚስተሩን ከሚጫነው ቁልፍ ጋር በኮንታክተሩ ጎን አያይዙ፤ ዋናውን ማጥፊያ ካበራችሁ በኋላ ቁልፉን 3 ሰከንድ ተጭናችሁ ነው ኮንታክተሩን የምትዘጉት።

የእጅ አንጓው ማጥፊያ ገመድ የኮንታክተሩን ጥቅልል ያቋርጥ። ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ በቅጽበት መቆም አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለው ፕሮፔለሩ እየዞረ መሆኑን ዋናተኛው አይሰማም።

የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ከሞተሩ እግር ጋር እንዳታገናኙ። ትንሽ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ በውኃው ውስጥ መንገድ ካገኘ አሉሚኒየሙን በወራት ውስጥ ይበሳዋል። ሲጨርሱ በመልቲ ሜትር በአሉታዊው ጫፍና በእግሩ መካከል ግንኙነት አለመኖሩን አረጋግጡ።

9. ኮንትሮለሩን አስተካክሉ

- የባትሪ አምፒር፦ ከ85 አይበልጥ።
- ጉልበት የሚጨምርበት ጊዜ፦ ከዜሮ እስከ ሙሉ 2 ሰከንድ። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ገና ሲነሣ ስለሚሰጥ በድንገት ከተለቀቀ የማርሹን ጥርስ ይሰብራል።
- አነስተኛ ቮልቴጅ፦ ኮንትሮለሩ በ48 ቮልት ጉልበት መቀነስ ይጀምር፤ ቢኤምኤሱ በ44.8 ይቁረጥ። ቢኤምኤስ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚያጠፋው። ኮንትሮለሩ ቀድሞ ሲያዳክም ግን ወደ ዳር ለመመለስ ጊዜ ይኖራችኋል።
- አቅጣጫ፦ አሮጌው ሞተር ይዞር በነበረበት ብቻ። የኋላ ማርሽን በኮንትሮለሩ አታድርጉ፤ የድሮውን የማርሽ ዘንግ ተጠቀሙ። በብዙ እግሮች ውስጥ የፊት ማርሽ ጥርስ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ፣ በሌላው ተዳፋት ነው፤ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ እየዘለለ ይበላል። ማርሽ ስትቀይሩም መጀመሪያ ሞተሩ ይቁም።
- እጀታው ከዜሮ ካልጀመረ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርገውን ቅንብር አብሩ።

10. በርሜል ውስጥ ፈትኑ

እግሩን ጠንካራ እንጨት ላይ አሥራችሁ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ውስጥ አስገቡ። ከሩብ ጉልበት በላይ አትስጡ፤ በጠባብ ቦታ ውኃው አየር ስለሚቀላቀልበት ልኬቱ ዋጋ አይኖረውም። እዚህ የምትፈልጉት ድምፅና ሙቀት ነው። ግማሽ ሰዓት ካስኬዳችሁ በኋላ አጥፉና ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና እያንዳንዱን የገመድ ቀለበት በእጅ ጀርባ ንኩ። ከሌሎቹ ለይቶ የሞቀ ቀለበት ካለ በደንብ አልተጨመቀም። የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱ።

11. ሐይቅ ላይ ፈትኑ

ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ሂዱ። ሁለት መቅዘፊያ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሁሉም፣ መልህቅና ገመድ ያዙ፤ ተሳፋሪ አትጫኑ። የመጀመሪያውን ሰዓት ከዳር 100 ሜትር ሳትርቁ ተመላለሱ። በየ10 ደቂቃው ፍጥነት፣ አምፒርና የሞተሩን ሙቀት ጻፉ። በ1ኛው ደረጃ ካሰላችሁት ዋት ከ20 በመቶ በላይ ከተለየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፕሮፔለሩ ጋ ነው፦ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ብዙ አምፒር ከወሰደ ፕሮፔለሩ በዛበት፣ አነስ ያለ ግፊት ያለው ግጠሙ። ዙሩ በጣም ከፍ ብሎ ጀልባው ካልሄደ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ጀልባው በሌላ ጀልባ ሲጎተት ማርሹ ነጻ ላይ ይሁን። ፕሮፔለሩ ከዞረ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

አሞላል

48 ቮልት፣ 15 አምፒር ቻርጀር ባዶውን ባትሪ በ7 ሰዓት ገደማ ይሞላዋል፤ ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ይነሣል። ቻርጀሩ ለ16 የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከ58.4 ቮልት ማለፍ የለበትም። መብራት ለሚጠፋበት ዳርቻ ሁለት ባለ 400 ዋት ሶላር ፓነል ጥላ ሆነው ከተገጠሙ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ፤ ከላይ ያሰላነው ደርሶ መልስ 2.3 ነበር።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

የቀረውን ባትሪ በቮልት መገመት። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ቮልቴጅ ከሞላ እስከ ማለቂያው ድረስ እምብዛም አይነቃነቅም፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። «52 ቮልት አለኝ» ብሎ የሐይቁ መሀል ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለት ሰዓት ቀዝፎ ነው የወጣው። አምፒር የሚቆጥረውን ቆጣሪ ግጠሙ።

ሞተሩን በአሮጌው ሽፋን አፍኖ መዝጋት። ሽፋኑ ለዝናብ ይጠቅማል፤ ግን ከታችና ከኋላ ወደ ታች የሚያዩ ቀዳዳዎች ክፈቱለት።

የመኪና 12 ቮልት ፊውዝ መጠቀም። በ48 ቮልት ሲቃጠል ብልጭታው አይቋረጥም፣ ፊውዙ ራሱ ይነድዳል።

የተሳፋሪ ፈቃድ ያለው ጀልባ ቀይሮ ዝም ማለት። ፈቃዱን ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁ፤ ሞተሩ ሰነዱ ላይ ተመዝግቧል።

ከተገጠመ በኋላ

ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ጉዞ በኋላ እያንዳንዱን የገመድ ብሎን እንደገና አጥብቁ፤ መዳብ ስለሚረግብ ሁሉም ትንሽ ይላላል። የማርሽ ዘይቱን ከክረምት በፊትና በኋላ እዩ። አኖዱ ግማሽ ሲደርስ ቀይሩ። ጀልባው ለወራት የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ሙሉም ባዶም አድርጋችሁ አትተዉት፤ ግማሽ ላይ አድርሱት፣ በዋናው ማጥፊያ አጥፉ፣ ቢኤምኤሱ ራሱ ጥቂት ጥቂት ስለሚበላ በየሁለት ወሩ ቆጣሪውን አንብቡ። ስትደውሉልኝ በ5፣ በ7 እና በ9 ኪሎ ሜትር የጻፋችሁትን የሚዛን ቁጥር ይዛችሁ ደውሉ።